በእጅህ የዘረጋኸው የስልክ ሽቦ

ለሐያት አባት፣ ለሰይድዬ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለያየን ስድስት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። ሰው ሲጠይቀኝ «ግማሽ ዓመት ሊሆነው ነው» እላለሁ፤ ለራሴ ግን በቀን ነው የምቆጥረው። ሴት ወደ ቀብር አትወጣም ስላሉኝ ያረፍክበትን አፈር እስካሁን በቅርብ አላየሁትም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ የግራሩን ጥላ ብቻ አይቼ እመለሳለሁ። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ። የምነግርህ ነገር ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት የሚነገር አይደለም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ አንተ ወሬ ሳትሰማ ምሳ አይወርድልህም ነበር።

ዒዳዬን ጨርሻለሁ። አራት ወር ከአሥር ቀን ከግቢ ሳልወጣ ስቀመጥ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በየገበያው ቀን የሚያስፈልገኝን እየገዙ ያመጡልኝ ነበር። እግራቸውን እያመማቸው፣ ጾም ላይ ሆነው እንኳ፣ ለእኔ ሥጋ ተሸክመው መጥተው ያውቃሉ። ታጣቂዎቹ የልብስ መኪናዬን አናቱን ወስደው እግሩን ብቻ እንደተዉልኝ ታውቃለህ። አሁን እህቴ ከውርጌሳ የላከችልኝ አንድ አሮጌ መኪና አለኝ፤ በሦስት ስፌት አንዱን ትዘላለች። ሳትዘል ስትቀር እኔ ነኝ የምደነግጠው። የጎማ ቤትህን ለማንም አላከራየሁም። የማያውቁ ሹፌሮች አሁንም ከበሩ ፊት ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ያወቁት ደግሞ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ያልፋሉ።

ሰሞኑን ስለ ጦርነቱ የምንሰማው ጥሩ አይደለም። ከቆቦ በኩል የሚመጣ ሁሉ የየራሱን ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው። ወደ ግራና ከተማ ለገበያ የወጣው ሰው ከሻጩ ጋር ሳይከራከር ገዝቶ ቶሎ ይመለሳል አሉ። እዚህ መርሳም ሰው መታወቂያውንና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ በፌስታል ጠቅልሎ በር አጠገብ ማስቀመጥ ጀምሯል። እኔም አዲስ ያወጣሁትን መታወቂያ ጠቅልያለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያስቸኩለኝ አንዱ ነገር እሱ ነው።

ስልክም ገብቷል። ዒዳዬን ጨርሼ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ስልክ መሥሪያ ቤት ነው። ተመዘገብኩ፣ ከፈልኩ፣ ተራዬን ጠበቅኩ። ሁለት ሠራተኞች ረጅም መሰላልና ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ይዘው መጡ። መስመሩን ከመብራቱ ሽቦ አርቀው በሌላው የቤቱ ማዕዘን በኩል አስገቡልኝ። ነጭ ሆኖ፣ በየስንዝሩ በትንንሽ ሚስማር ተይዞ፣ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም አይንጣጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ የጨቀጨቅኩህ ለዚህ ነበር። አሁን ሳየው ደስ አይለኝም።

ስልክ ያስገባን ጊዜ ሐያት ገና ዳዴ ትል ነበር። መሥሪያ ቤቱ መስመሩን እስከ ቤታችን አደረሰልን። በጎማ ቤቱ ሁለተኛ ስልክ እንዲቀጠል ከፈለግን ግን ሌላ ማመልከቻና ሌላ ክፍያ ነበረው። አንተ ሳቅክ። «ሽቦ ለመሳብ ሰው ልቅጠር እንዴ? የከባድ መኪና ጎማ የሚፈታ እጅ ይችን ቀጭን ሽቦ ያቅተዋል?» አልክ። በማግስቱ ከደሴ አንድ ጥቅል ሽቦ አስመጣህ። እቤት ውስጥ ቢላዋ ሞልቶ ላስቲኩን በጥርስህ ትልጠው ነበር። መጋጠሚያውን በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ጠቀለልከው። ማሰሪያ ስታጣ ደግሞ ጣሪያው ላይ የመብራቱ መስመር ከተያዘበት የብረት ቧንቧ ጋር አብረህ አሰርከው። እኔ ከታች ሆኜ እንደ ሰው ከፍለህ ብታስገባ ምን ነበረበት እያልኩ ስነዘንዝ አንተ ከላይ ታፏጭ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

አንድ ጊዜ የእትዬ አስካለን መስመር ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ቀና ብሎ አይቶ «ጋሼ፣ የስልክና የመብራት ሽቦ አንድ ላይ አይታሰርም። ይሄ አንድ ቀን ጉድ ያመጣባችኋል» ብሎ ነበር። ሻይ አጠጣነውና ሄደ። አንተም ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት እለየዋለሁ አልክ። ሥራ ይበዛል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ያ ሳምንት ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። የመለየቱን ነገር ከዚያ በኋላ እኔም አንስቼብህ አላውቅም።

ልዋሽህ አልችልም፤ ያን የጥርስ ሥራህን ወድጄው ነበር። አንተ ጎማ ቤት ሆነህ ቁጥር ስትነካ የቤቱ ስልክ በቀስታ ትንግ ትል ነበር። ያኔ አነሳለሁ። ደዋይ የለ፣ ተደዋይ የለ፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለታችን ብቻ። ግቢውን ተሻግረህ ሃያ እርምጃ መጥተህ መጠየቅ ስትችል «ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» ትለኛለህ። ደንበኛ አጠገብህ ካለ ሳትናገር ትተነፍሳለህ፤ እኔም እተነፍሳለሁ። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ከማን ጋር እንደምታወራ ሲጠይቅህ «መለዋወጫ እያዘዝኩ ነው» ስትለው ሰምቼ በሳቅ ስፈርስ ሽሮዬ አረረ። የአረረውን ሽሮ ስትበላ አንድ ቃል አልተናገርክም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ከዚያ ያ የጦርነት ክረምት መጣ። ሐያት ሐዋሳ ትምህርቷ ላይ ነበረች። መብራቱም ስልኩም መንገዱም ተከታትለው ጠፉ። ታጣቂዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ የሁለታችንንም ሞባይል ወሰዱ፤ መታወቂያችንም ከቦርሳዬ ጋር ሄደ። የልጃችን ቁጥር ያለው በዚያ ሞባይል ውስጥ ነበር። አንተም እኔም በቃላችን አናውቀውም። ይህን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። የስንቱን ሹፌር ስም ከነታርጋው የምታውቅ ሰው የአንድ ልጅህን ቁጥር ሞባይሉ ይያዝልኝ ብለህ ተውከው፤ እኔም እንዳንተው። አምስት ወር ሙሉ ልጃችን በሕይወት መኖሯን ሳናውቅ፣ እሷም የእኛን ሳታውቅ ከረምን።

መንገዱ እንደተከፈተ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ለምነህ ወደ እሷ ላክነው። እኔ ራሴ ልሂድ ብለህ ነበር፤ ያለ መታወቂያ የትኛውን ኬላ ታልፋለህ ብለው ሰዎች መከሩህ። መልእክታችን አጭር ነበር፤ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አታስቢ። ሰውዬው ሄዶ፣ ፈልጎ፣ አግኝቷት ተመለሰ። ግን አላመነችውም። እንዴትስ ትመን? በእኛ አገር አባቱ የሞተበትም ልጅ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው መርዶውን እስኪነግሩት ድረስ ለሁሉም ሰው ቤተሰቡ ደህና ነው። እሷም «አባቴ ከሞተ እንደ ወግ ንገሩኝ፤ ካልሞተ ድምፁን አሰሙኝ» አለችው። መሸት ሲል፣ መግሪብ ሲደርስ፣ በየቀኑ የቤታችንን ቁጥር እንደምትደውል፣ ምግብ እንደተወች፣ ክፍል መግባትም እንዳቆመች ነገረን። ያ ደግ ሰው የእሷን ቁጥር አልያዘም። ወላጅ የልጁን ቁጥር ያጣል ብሎ አልገመተም። ጭነቱን ይዞ ወደ ላይ አለፈ፤ ወደ ሐዋሳ የሚመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር።

በዚያው ሰሞን የከተማው የቤት ስልኮች አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። መብራት ገና አልመጣም፤ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ግን በጄኔሬተር ይሠራ ነበር። የእኛ መስመር በተኩሱ ጊዜ ጣሪያው ላይ ተበጥሷል። ሄደህ ተመዘገብክ። የተበጠሰው መስመር ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት ነበርና ተራችሁ ከአሥር ቀን በኋላ ነው አሉህ። ማንም አልበደለንም፤ ከእኛ በፊት የተመዘገበ ሰው ነበር።

ሰይድዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ከአላህና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ቤት ገብተህ ከበርጩማው ላይ ተቀመጥክ። «አሥር ቀን ነው፣ እንጠብቅ። ይሄ ጥይት የነካው ሽቦ ነው፤ የት የት እንደተላጠ አላውቅም። ለባለሙያው እንተወው። አብሽሪ» አልከኝ። በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽቦ ፈርተህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ስልህ የኖርኩትን አልክ። እኔስ ምን አልኩ? ሃያ ዓመት ሙሉ ተራ ጠብቅ ስትባል እምቢ ብለህ ዛሬ ነው ወይ ተራ የታየህ አልኩህ። ልጅህ አባቴ ሞቷል ብላ እህል ትታ እያለቀሰችልህ አሥር ቀን ልትቀመጥ ነው አልኩህ። ይሄም አልበቃኝም። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ወጥተህላት ነበር አልኩህ።

ይሄንን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ለሰው ሁሉ የምትሮጥ፣ ለቤትህ የምትዘገይ ነህ እያልኩ በቀልድ ስነካካህ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀና ብለህ አየኸኝ፤ አልተቆጣህም። ተነስተህ መሰላሉን ከጎማ ቤቱ አመጣህ።

የመብራቱ ነገር በሐሳቤም አልመጣም። አምስት ወር ሙሉ የሞተ ሽቦ ያየ ሰው መብራት ያቃጥላል ብሎ አያስብም። መንገድ ዳር በወደቀው የመብራት ሽቦ ላይ እኔ ራሴ ልብስ አስጥቻለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ያሰጣ ነበር። ያ የስልክ ሠራተኛ ያስጠነቀቀንን ብታስታውሰው ኖሮ አንተም አትነካውም ነበር። ወይም አስታውሰኸው፣ እኔ ባልኩህ ነገር ቆስለህ ወጣህ። ይሄኛው ነው የማያስተኛኝ።

እኔ ውስጥ ሆኜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ነበር። አንተ ከጣሪያው ላይ «አለ?» ትላለህ፤ እኔ «የለም!» እላለሁ። «አሁንስ?» «የለም!» እንደገና ነካክተህ ትጠይቃለህ፤ እንደገና የለም። አራተኛውን ጥያቄህን ስጠብቅ ከራሴ በላይ ያለው አምፖል በራ። ማብሪያው ከክረምቱ ጀምሮ እንደተከፈተ ነበር። ገና ምን እንደሆነ ሳይገባኝ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ። ስልኩን እንደያዝኩ፣ አምፖሉን እያየሁ፣ ሦስት ጊዜ እልል አልኩ። ከዚያ «የሐያት አባት፣ መብራት መጣ!» ብዬ ተጣራሁ። ስላልመለስክልኝ በእልልታው አልሰማኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ስወጣ መሰላሉ እንደቆመ ነበር። አንተ መሬት ላይ ነበርክ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ «ድሮም እጁ አያርፍም ነበር፣ አላህ ይዘንለት።» ሐያትን ያው ሹፌር ነው ያመጣት፤ ሞትህን ሲሰማ ቀኑን ሳይጠብቅ ወርዶ፣ አባትሽን ትንሽ አሞታል ብሎ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል ሳትናገር መጣች አለኝ። በሰባተኛው ቀን ስትደርስ ግቢው መሀል ቆማ «አባዬ፣ አሥር ቀን መጠበቅ አቅቶህ! እልህህ ገደለህ፣ እኔንም ገደልከኝ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ አብሽሪ አብሽሪ እያሉ ያዟት። እኔ ሻርፔን ፊቴ ላይ ስቤ ዝም አልኩ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ይስተካከል ነበር። አልተናገርኩም። የሞተ ተጎዳ የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ ተነስተህ እኔ አይደለሁም አትል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከበደኝ ሄደ። ሐያት ፎቶህን ከግድግዳው አውርዳ ከሳጥን ውስጥ ከታ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ለአርባህ ሰደቃ ስናወጣ አልመጣችም። ስልኩ ከገባ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ትደውልልኝ ነበር፤ ስምህን ሳነሳ ግን ስለሱ አታውሪኝ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ለአባትሽ ዱዓ አድርጊለት ስላት ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሐያት፣ ሐያት አልኩ። አልተቋረጠም ነበር። ያን የሚያህል የምትወድህ ልጅ ላንተ ዱዓ ልታደርግ አፏ እምቢ አላት። እኔ ደግሞ ይሄን እየሰማሁ ሆድ ይፍጀው ብዬ ስፌቴን እሰፋ ነበር። ሰዎች አጀሉ፣ የተጻፈለት ቀን፣ ደርሶ ነው ይሉኛል። አምናለሁ። ግን አጀልህ ለምን በእኔ አፍ መጣ እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።

ወሬው ሲከፋ ፈራሁ። ሞትን ብቻ አይደለም የፈራሁት። መስመሩ እንደገና ቢቆረጥ፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ እኔም አንድ ነገር ብሆን፣ ሐያት ዕድሜዋን ሙሉ አባቷን እንደከሰሰች ትኖራለች። እውነቱን የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ከሄድኩ የሚመሰክርልህ የለም። ዛሬ ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ይሆነዋል፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ስልኩን አንስቼ እኔው ደወልኩላት። ቁጥሯን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ሳልቆርጥ ነገርኳት። እንጠብቅ ማለትህን፣ ለባለሙያው እንተወው ማለትህን፣ እኔ ያልኩህንም ቃል በቃል። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ያልኩትንም ሳልደብቅ አልኩት። «አባዬ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ለእኔ ብሎ ነው የወጣው?» አለችኝ። አዎ፣ ድምፁን እንድትሰሚ ብሎ ነው አልኳት። ካረፍክ ጀምሮ አባዬ ስትል አልሰማኋትም ነበር። ያን ቀን አባዬ፣ አባዬ እያለች ለቅሶው ላይ እንኳ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እኔም አብሬያት ላለቅስ ስል «እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። ዘጋችው።

ያ ዓርብ አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ፤ አልደወለችም። ቀኑን ሙሉ መኪናዬን ከስልኩ አጠገብ አድርጌ እሰፋለሁ። ብደውልላት አታነሳም።

ዛሬ ጠዋት እትዬ አስካለ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። «እታለም፣ ሐያት እኔ ዘንድ ደውላ ነበር» አሉኝ። በስምህ ሰደቃ አብልታለች። ፎቶህን ከሳጥኑ አውጥተው በሚወርድ ሹፌር እንዲልኩላት ለምናቸዋለች። ቁርዓን እየቀራች ላንተ ዱዓ እንደምታደርግም ነገረቻቸው። እሳቸውም የእስላሙን ቃል እንዳያበላሹት እየተጠነቀቁ ነገሩኝ። ስለ እኔ ጠየቀች ወይ አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። አልጠየቀችም።

ፎቶህን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። እንዳይሄዱ ያዝኳቸውና ለእሳቸውም ሁሉንም ነገርኳቸው። ከአሁን ወዲያ ሰይድ እጁ አያርፍም ነበር የሚል ሰው ካጋጠምዎት እንዲህ አልነበረም ይበሉ አልኳቸው። አልቅሰው ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ።

ሰይድዬ፣ ልጅህን መልሼልሃለሁ። እኔን ትመልሰኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ባትመልሰኝም አልፈርድባትም። አንተን ግን ማንም ሌላ ሰው አድርጎ እንዲያስታውስህ አልፈቅድም። ለቅሶ የደረሰውን ሁሉ በየቤቱ እየሄድኩ እነግረዋለሁ። እንደገና ብንሰደድም፣ የማላውቀው አገር ባርፍም፣ ባልሽ እንዴት ሞተ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ፤ እንጠብቅ ያለው እሱ ነበር፣ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ።

ዘሀራ
መርሳ